የተቆለፉት የጃዕፈር ደብዳቤዎች

ሱሃይላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከአዳማ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፍራ ሁሩታ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች። ይዛ የምትሄደው የእናቷን የደም ግፊት ክኒን፣ አንድ ኪሎ ቴምርና ስልኳን ነው። እናቷ ግን ዓይናቸው ከስልኩ ላይ ነበር።

ስልኩ ውስጥ የወንድሟ የጃዕፈር ደብዳቤዎች አሉ። ወይዘሮ ቀመሪያ ፊደል አልቆጠሩም። ልጃቸው ገና ጫማዋን ሳታወልቅ በሩን ይዘጋሉ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ የሬዲዮናቸውን ድምፅ ከፍ ያደርጋሉ፣ ከዚያ መደቡ ላይ ጠጋ ብለዋት ይቀመጡና፣ «በይ እስቲ ልጄን አሰሚኝ» ይላሉ። አንድም ቀን «አንብቢልኝ» ብለዋት አያውቁም።

ጃዕፈር አዳማ ውስጥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የፌስቡክ ገጽ ነበረው። ስለሚቋረጠው ውሃ፣ ከመሬታቸው ስለተነሡ ገበሬዎች ካሳ፣ በኋላ በኋላ ደግሞ ስለታሰሩ ሰዎች ይጽፍ ነበር። በ2012 ክረምት ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ድርግም ባለበት ሰሞን ሁለቱ ጓደኞቹ ከየቤታቸው ተወሰዱ። ለጃዕፈር ማን ይንገረው? ሚዲያው ዝም፣ ኔትወርኩ ዝም። የነገረው በእግሩ የመጣ ሰው ነው፤ ገርባ። ገርባ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ሚስትና አራት ልጆች አሉት፣ ከጃዕፈር ጋር ከልጅነት ጀምሮ ኳስ የተጫወተ ነው። በማግስቱ ጃዕፈርን ከሾፌሩ መቀመጫ በስተኋላ፣ ረዳቶች በሚተኙባት ጠባብ ቦታ ላይ አጋደመውና ጃኬት ደርቦበት እስከ ሞያሌ አደረሰው።

ናይሮቢ ከገባ ሁለት ወር ሲሆነው ከማታውቀው ቁጥር ደወለላት።

«ሱሂ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ» አላት። «አዲስ ኢሜይል ታወጫለሽ። የድሮውን ተዪው። ይሄኛው አውሮፓ ያለ ነው፤ የምንጻጻፈው ሁሉ የሚቆለፈው በአንቺ ፓስዎርድ ነው። እሱን ካላወቀ የኩባንያው ባለቤት ራሱ ሊያነበው አይችልም።»

«ብረሳውስ?»

«እንዳትረሺ። ብትረሺው አዲስ ፓስዎርድ ይሰጡሻል፣ ሳጥኑም ይከፈትልሻል። የድሮው ቁልፍ ግን ያኔውኑ ይጠፋል፤ የድሮው ደብዳቤ ርዕሱ ብቻ እየታየ ውስጡ እንደተቆለፈ ይቀራል። እነሱም አይከፍቱት፣ እኔም አልከፍተው።»

«እንግዲያው ደብተር ላይ እገለብጠዋለሁ።»

«በአላህ ሱሂ! ወረቀት የሚባል ነገር አታስነኪው። ፎቶም አታንሺው። አንብበሽ ስትጨርሺ ዘግተሽ ውጪ።»

ፓስዎርዱን አብረው መረጡ። የአባታቸው የነበረችው በቅሎ ስምና በቅሎዋ ገደል የገባችበት ዓመት። ሱሃይላ ልርሳው ብላ ብትታገል እንኳ የማትረሳው ነገር ነበር።

ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ተጻጻፉ። ኢሜይሉ አንዳንድ ሰሞን ያለ ቪፒኤን አልከፈት ይላል፤ አንዳንድ ሰሞን ኔትወርኩ ራሱ ይጠፋና ለሳምንት፣ ለአሥር ቀን ድምፁ አይሰማም። ሲመለስ ግን አምስት ስድስቱ ተከታትለው ይገባሉ። ጃዕፈር ኢስሊ የሚባል ሰፈር የጨርቅ መደብር ተቀጥሮ ጨርቅ ይለካ ነበር። በቀጭኑ ስለሚዘንበው የናይሮቢ ዝናብ ይጽፋል፤ በወተት የሚያጥለቀልቁትን ሻይ ይረግማል፤ እስክስታ ልታስተምረኝ የሞከረች የሶማሌ አሮጊት አለች ብሎ ያስቃቸዋል። «እማን ፀጉሬ ሳስቷል በያት፣ ጥርሴ ግን አለ።» ደግሞም በየደብዳቤው መጨረሻ ገርባ አለ። ገርባ መድኃኒት አደረሰልኝ፤ ገርባ ሞያሌ ላይ ያንን ሁሉ ፍተሻ ባያሳልፈኝ ኖሮ ዛሬ የት ነበርኩ፤ ገርባን ሳሚልኝ።

በ2015 ጥቅምት ላይ ኩላሊቱን አመመውና ሆስፒታል ገባ። አሥራ አንድ ቀን ተኛ። በአሥራ ሁለተኛው አብሮት የሚኖረው ሰው ደውሎ እዚያው እንደቀበሩት ነገራት።

ወይዘሮ ቀመሪያ ለቅሷቸውን አለቀሱ። አርባው ሲያልፍ ግን አንድ ቅዳሜ በሩን ዘግተው፣ ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«በይ እስቲ» አሉ።

«እማ፣ አዲስ የለም እኮ።»

«የድሮውን። ከመጀመሪያው።»

ሁለት መቶ አሥራ አራት ደብዳቤዎች ነበሩ። ሱሃይላ በየቅዳሜው አምስት ስድስት ታነብላቸዋለች። እሱ ስለሞተ ከእንግዲህ ወረቀት ላይ ብገለብጠውስ የሚል ሐሳብ መጥቶላት ነበር፤ ዛሬ ነገ ስትል፣ የተማሪ ፈተና ስታርም ቆየች። የወንድሟን ቃል መስበርም ከብዷት ነበር መሰለኝ።

የካቲት ላይ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ። አዳማ ውስጥ ስልክ ያለው ሁሉ ቪፒኤን ጭኗል፤ ተማሪዎቿ በእረፍት ሰዓት የትኛው እንደሚሻል ሲከራከሩ ትሰማለች። በዚያው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ሚኒባሱ ዴራን አልፎ ወደ ሁሩታ መታጠፊያ ሲቃረብ ፍተሻ ላይ ቆመ።

«ውረዱ! መታወቂያና ስልክ በእጅ!»

ፖሊሱ የሱሃይላን ስልክ ተቀብሎ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገው። ቪፒኤኑን አይቶ አለፈው። ኢንተርኔት መክፈቻውን ነካ ሲያደርግ ግን ባለፈው ቅዳሜ የገባችበት ገጽ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኢሜይል ነው።»

«ጂሜይል አይደለም እኮ።»

«ሌላ ነው። የውጭ።»

«ጂሜይልስ የውጭ አይደል? እሱ ምን ጎደለው?» አለና መታወቂያዋን አነበበ። «ሱሃይላ አብዱልጀባር።» ትንሽ አሰበ። «ጃዕፈር አብዱልጀባር ምንሽ ነው?»

ዋሽታ የትም እንደማትደርስ አወቀች። «ወንድሜ ነበር» አለች።

ሚኒባሱ ያለ እሷ ሄደ። ቴምሩና ክኒኑ ወንበሩ ላይ ቀርተው ነበር፤ ሾፌሩ ደግ ሰው ሆኖ ለእናቷ አደረሰላቸው። ወይዘሮ ቀመሪያ ልጃቸው መያዟን ያወቁት በዚያ ነው።

አዳማ መልሰው አምጥተው ከአራት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል አስገቧት። እሑድ ማንም አልጠራትም። ሰኞ ጠዋት መርማሪው አስጠራት። ኢንስፔክተር ያደታ ይባላል፤ ሃምሳውን የተሻገረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። ወንበር አቀረበላት።

«ወንድምሽን አላህ ይማረው» አላት። «መሞቱን እናውቃለን። የሞተ ሰው አንከስም። እኔ የምፈልገው ማን እንዳሻገረው ነው። ከማን ከማን ጋር እንደነበረ ነው። ኢሜይሉን ክፈችልኝና ወደ ተማሪዎችሽ ተመለሽ።»

«ፓስዎርዱ ጠፍቶብኛል፣ ጌታዬ።»

«ስልኩ እኮ ባለፈው ቅዳሜ ገብታበታለች ይላል።»

«ልገባ ሞክሬ ነው። እምቢ አለኝ።»

ኢንስፔክተሩ አልተቆጣም። ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገላትና፣ «ትዝ ሲልሽ ጻፊው፤ እኔ አልቸኩልም» ብሎ ሌላ ፋይል ማገላበጥ ጀመረ።

ሱሃይላ ወረቀቱን እያየች ተቀመጠች። ስድስት ፊደልና አራት ቁጥር ነው። ብትጽፈው ከአንድ ሰዓት በኋላ ገርባን ከመኪናው ያወርዱታል። ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ውስጥ ስሙ የሌለበትን መፈለግ ይቀላል። ትንሿን ልጁን አሰበቻት፤ ባለፈው ዓመት ክፍሏ ውስጥ ነበረች፣ ጥያቄ ስትጠየቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ከዚያ እናቷን አሰበች፤ መደቡ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ። አንዱን ለማዳን ሌላውን መስጠት እንዳለባት እየገባት፣ እጇ ግን እስክሪብቶውን አላነሣም።

ረፋዱ ላይ ኢንስፔክተሩ ሰው አስጠራ። የኮምፒውተር ባለሙያው ላፕቶፕ ታቅፎ ገባ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሱሃይላን ሲያያት በሩ ላይ ትንሽ ቆም አለ። እሷም ፊቱን አወቀችው፤ አዶኒያስ፣ ከአሥር ዓመት በፊት ከኋላ ይቀመጥ የነበረ ልጅ።

«ፓስዎርዱ ጠፋኝ ነው የምትለው» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ቀላል ነው» አለ አዶኒያስ። ወደ እሷ አላየም። «ሲሙ እኛ ጋ ነው። ኮድ በሜሴጅ ይልካል፣ አዲስ ፓስዎርድ እንሰጠዋለን፣ በቃ።»

ሱሃይላ የወንድሟን «ውስጡ እንደተቆለፈ ይቀራል» አስታወሰች። አሁን ነው። «ቆይ፣ ትዝ አለኝ» ማለት ትችላለች። አዶኒያስ አድራሻዋን ጻፈ፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ፣ ኮዱን አስገባ። ስክሪኑ ላይ በቀይ የተከበበ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ መጣ። ከተቀመጠችበት ሆና አነበበችው፤ የቀድሞ መልእክቶችዎን ማንበብ አይችሉም ይላል፤ መቀጠል ይፈልጋሉ? ይላል።

አዶኒያስ ጽሑፉ ላይ ዓይኑን አሳረፈ። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞረው።

«ቲቸር፣ ኢሜይሉ የእርስዎ ነው። ራስዎ ይጫኑት።»

ኢንስፔክተሩ ከፋይሉ ቀና ሳይል «ተጫኚው እንጂ» አላት።

ጣቷን ዘረጋች። ወንድሟ ሲስቅም ሆነ ሆስፒታል ሲገባ፣ ምንም ነገር አልታያትም። የታያት ጣቷ ብቻ ነው፤ የጠመኔ ብናኝ ጥፍሯ ሥር ነበር። ተጫነችው።

ሳጥኑ ተከፈተ። ሁለት መቶ አሥራ አራቱም ከነርዕሳቸው፣ ከነቀናቸው ተደረደሩ። ኢንስፔክተሩ ተነሥቶ መጣና ከአዶኒያስ ጀርባ ቆመ። አዶኒያስ የመጀመሪያውን ከፈተ። የቁልፍ ምልክትና ከሥሩ የፊደልና የቁጥር መዓት፣ መልክ የሌለው። ሁለተኛውን ከፈተ። ሦስተኛውን። ከመካከል አንድ። ከመጨረሻ አንድ።

«ይሄ ደግሞ የማን ቋንቋ ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ተቆልፏል፣ ጌታዬ። ፓስዎርድ ሲቀየር የድሮው አይከፈትም። አሠራሩ እንደዚያ ነው።»

«ቀላል ነው ያልከው አንተ አይደለህም?»

አዶኒያስ ላፕቶፑን ከደነው። ኢንስፔክተሩ ወደ ሱሃይላ ዞረ።

«ታውቂ ነበር» አላት።

«እኔ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው፣ ጌታዬ።»

ሁለት ቀን ጨምረው አቆዩዋት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቷ ምክትል ርዕሰ መምህር ዋስ ሆነው ፈረሙና ተለቀቀች። ስልኩ ለምርመራ ቀረ። አዶኒያስ ያንን ጽሑፍ አንብቦ አውቆ ይተውላት፣ ወይስ ሳያስተውል ይለፈው፣ እስከ ዛሬ አታውቅም። በኋላ አንድ ቀን ፖስታ ቤቱ አጠገብ ተገናኙ። ሰላም ልትለው ስትል ባጃጅ አስቁሞ ገባ።

በተለቀቀች ማግስት ሁሩታ ሄደች። እናቷ አቅፈው አገላብጠው አዩዋት፤ «መቱሽ?» አሉ። አለመመታቷን ሲሰሙ ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ከዚያ መደቡ ላይ አስቀምጣቸው የሆነውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እናቷ መሐል ላይ አላቋረጧትም።

«ሁሉም?» አሉ ስትጨርስ።

«ሁሉም፣ እማ።»

«አዲሱን ፓስዎርድ ብትሰጭውስ?»

«አይከፍተውም።»

«የድሮውንስ? በቅሎዋን?»

«እሱም ከእንግዲህ አይሆንም። ስጫነው ቁልፉ አብሮ ጠፋ።»

ወይዘሮ ቀመሪያ የቀሚሳቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉት፣ ፈቱት። «እኔን ሳትጠይቂ» አሉ።

«እማ፣ ገርባ አራት ልጆች…»

«ገርባ እናት አለችው። እሷ ታስብለት ነበር። እኔ ለማን ላስብ? እኔ ብሆን በቅሎዋን እነግራቸው ነበር።» ድምፃቸው አልጮኸም። «የኔ ልጅ ስለ ገርባ ምን ሊል ይችላል? ሞቷል። ያለችው ያቺ ድምፁ ብቻ ነበረች። እሷን በገዛ ጣትሽ።»

በዚያች ቀን ሬዲዮኑን ማንም አልከፈተውም። መንገድ ላይ ጋሪ ሲያልፍ፣ ጎረቤት ልጇን ስትጠራ ይሰማል። ስትሄድ እናቷ እስከ በር አልሸኟትም።

ገርባን ያገኘችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከመንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ ሸራ ሲያስር ደረሰችበት። ሲያያት ገመዱን ለቀቀና ግራ ቀኙን ቃኘ።

«አካም ጅርታ፣ ሱሃይላ» አላት። «መያዝሽን ሰማሁ። ልመጣ ነበር፣ ግን…» አልጨረሰውም። ዝቅ አድርጎ፣ «ስሜን አነሡ?» አለ።

«አላነሡም። ምንም አላገኙም።»

«ተመስገን!» አለ ገርባ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተነፈሰ። «ተመስገን ጌታዬ። እኔ እኮ ይሄን ሁለት ሳምንት እንቅልፍ የለኝም። ደብዳቤዎቹንስ? ደበቅሻቸው?»

«የሉም» አለች።

«ጎበዝ። ይሻላል። እንደዚያ ዓይነት ነገር ቤት ውስጥ አይቀመጥም።» ወደ ገመዱ ተመለሰ። «ነገ ወደ ሞያሌ ነኝ። ከዚያ የሚመጣ የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ።»

ምንም እንደማትፈልግ ነገረችው። ልትነግረው መጥታ ነበር፤ ዋጋውን እንዲያውቅ። ትከሻው ሲቀልለው ካየች በኋላ ግን ማንን ለመጉዳት ብላ? በአቧራው ውስጥ በእግሯ ወደ ቤቷ ተመለሰች። መንገዱን ሁሉ ገርባን ስትጠላው ሄደች፤ ጥላቻው ልክ እንዳልሆነ እያወቀች።

ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዷን አልተወችም። ክኒኑን ታደርሳለች፣ ምሳ ይበላሉ፣ ስለ ስንዴ ዋጋና ስለ ጎረቤት ሕመም ያወራሉ። ስለ ደብዳቤው ማንሣት የለም። ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን ግን እናቷ ሽንኩርት እየላጡ ድንገት፣ «ስለዚያች አሮጊት የጻፈው ጊዜ፣ ሻሿ ወደቀ ነው ወይስ ጫማዋ?» አሉ።

«ጫማዋ መሰለኝ።»

«ሻሿ ነው። ሻሿ ወድቆ እሱ አነሣላት።» ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «እንዴት ትረሻለሽ? አንቺ አይደለሽም ያነበብሽው?»

በሚቀጥለው ሳምንት ሱሃይላ ደብተር ይዛ ሄደች። እናቷ የሚያስታውሱትን ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ይከራከራሉ። የናይሮቢ ዝናብ የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ነው ይላሉ እናቷ፤ እሷ ሦስተኛው ላይ ነው ትላለች። አንዳንዱ ነገር ጃዕፈር በልጅነቱ የተናገረው እንጂ የጻፈው እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ሆኖም ጻፈችው። ግንቦት ሲያልቅ አሥራ አንድ ደብዳቤ የሚመስል ነገር ደብተሩ ላይ ነበር። መልሳ ስታነብላቸው እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱ እንደዚህ አይናገርም» አሉ። «ይሄ ያንቺ አፍ ነው።»

ሰኔ ላይ ስልኩን መለሱላት። ቅዳሜ ሁሩታ ሄዳ አዲሱን ፓስዎርድ አስገባችና ዝርዝሩን ከፈተች። ውስጡ አይነበብም፣ ርዕሱና ቀኑ ግን አለ። ርዕሱን ጮክ ብላ ስታነብ እናቷ ውስጡን ይሉ ጀመር።

«‹ሻይ›።»

«ወተቱን ሲረግም።»

«‹ለእማ ብቻ›።»

«የፀጉሩን ነገር። ጥርሴ አለ ያለበት።»

«‹የአከራዬ ዶሮ›።»

ወይዘሮ ቀመሪያ ሳቅ ቢጤ አመለጣቸው። ከየካቲት ወዲህ ሱሃይላ ሲስቁ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነበር። እንዲህ እያሉ ሠላሳ ያህል ሄዱ። ከዚያ አንዱ ላይ ደረሰች፤ በ2014 መስከረም መጨረሻ የተጻፈ።

«‹ያልነገርኳችሁ ነገር›።»

እናቷ ጠበቁ። ሱሃይላም ጠበቀች።

«ምን ነበር?» አሉ ወይዘሮ ቀመሪያ።

ሱሃይላ ደብዳቤውን ከፈተችው፤ የቁልፍ ምልክቱና የፊደሉ መዓት መጣ። ሁለት ጊዜ፣ ምናልባት ሦስት ጊዜ አንብባዋለች። እዚህ፣ በዚህ መደብ ላይ። የሚያስቅ ይሁን የሚያሳዝን እንኳ ትዝ ሊላት አልቻለም። እናቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ለረጅም ጊዜ ያለ ድምፅ አንቀሳቀሱ።

«አላወቅሁትም» አሉ በመጨረሻ። «እለፊው።»

ሱሃይላ ወደሚቀጥለው ወረደች።